ኮረሪማን በጓሮ ጥላ ሥር ማልማት
ለሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ



አብዛኞቻችሁ ጓሮ ውስጥ ቡና፣ እንሰትና ጥቂት ትልልቅ ዛፎች አሏችሁ። ከቡናው ጀርባ፣ ከዋንዛውና ከሰሳው ሥር፣ በቆሎ ቢዘራበት ቀጥኖ የሚቀር፣ ጎመንም የማያምርበት ጥላማ ቦታ አለ። በየጓሮው ስንዞር ስለዚህ ቦታ ስንጠይቅ የምንሰማው መልስ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ባዶ ነው፣ ጥጃ እናስርበታለን» የሚል ነው። ሌላው «ዛፉን ቆርጠን ጫት ወይም ባሕር ዛፍ ልንተክልበት አስበናል» የሚል ነው። ይህ ትምህርት በዋናነት የተዘጋጀው ሁለተኛውን መልስ ለሰጡት ነው። ጥጃ የሚያስሩትም ቢከታተሉት አይጎዱም።

ከዚህ በታች የምንማረው ጥላውን ሳናጠፋ፣ ጥላውን ራሱን እንደ ማሳ ቆጥረን ኮረሪማ እንዴት እንደምናለማበት ነው። ኮረሪማ ለእናንተ አዲስ ነገር አይደለም። በርበሬ ሲደለዝ፣ ቅቤ ሲነጠር፣ ቡና ሲፈላ እጃችሁ ላይ አለ። ይሁን እንጂ ብዙ ቤተሰብ ኮረሪማን ከጫካ የሚለቀም እንጂ የሚተከል፣ የሚኮተኮትና የሚገረዝ ሰብል አድርጎ አያየውም። ልዩነቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ተክሉን እንወቀው

ኮረሪማ የዝንጅብል፣ የእርድና የሔል ዘመድ ነው። ሔል ከሕንድ አካባቢ የመጣ ሲሆን ኮረሪማ ግን የእኛው አገር ተክል ነው። በተፈጥሮ በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ውስጥ፣ በብዛት ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 እስከ 2,000 ሜትር ባለው ከፍታ ይገኛል። በዓመት ከ1,300 እስከ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚደርስ፣ በወራቱ ተከፋፍሎ የሚዘንብ ዝናብ ይስማማዋል። አማካይ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ቢሆን ይወዳል። እንግዲህ ቡና በደን ጥላ ሥር በደህና የሚያድግበት ቦታ ሁሉ ለኮረሪማ ሊታሰብ ይችላል።

አሁን ደግሞ ስለ ተክሉ አሠራር አንድ ነገር ልብ በሉ፤ በኋላ የምንናገረው አብዛኛው ጉዳይ ከዚህ የሚመነጭ ነውና። ከመሬት በላይ የምታዩት ከአንድ እስከ ሁለት ሜትር የሚቆመው ቅጠላማ ዘንግ የተክሉ ዋና ግንድ አይደለም። ዋናው ግንድ በአፈር ውስጥ ከላይ ከላይ እየተሳበ የሚሄደው ራይዞም ነው፤ ልክ እንደ ዝንጅብል። አዲስ ቅጠላማ ዘንግ የሚወጣው ከራይዞሙ ነው። አበባውም የሚወጣው ከዘንጉ ጫፍ ሳይሆን ከዚያው ከራይዞሙ፣ ከመሬት ጋር ተጠግቶ፣ ከቅጠል ርጋፊ መካከል ነው። ነጣ ወይም ሐምራዊ ያለ፣ ለስላሳና ውብ አበባ ነው። ጎንበስ ያላለ ሰው ግን አያየውም። ያልታየ አበባ ደግሞ ይረገጣል፣ በዶማ ይቆረጣል፣ በከብት ኮቴ ይደቀቃል። አንድ አበባ አንድ ፍሬ መሆኑን የተገነዘበ ገበሬ ጓሮው ውስጥ አረማመዱ ይለወጣል።

አበባው ከጥር ጀምሮ እስከ መስከረም ድረስ በተለያየ ጊዜ ይወጣል። ፍሬው ከአበባው በኋላ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ይበስላል። በመሆኑም የኮረሪማ ፍሬ እንደ ስንዴ በአንድ ቀን አይደርስም። በአንድ እግር ላይ የበሰለ፣ ያልበሰለና ገና አበባ የሆነ በአንድነት ልታገኙ ትችላላችሁ።

እኔ የሠራሁት ስሕተት

ይህን ሥራ ስጀምር የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነበርኩ። ከትምህርት ቤት የወጣሁት ስለ ስንዴና በቆሎ ብዙ ተምሬ ነው፤ ስለ ኮረሪማ የተማርኩት ከግማሽ ገጽ የሚበልጥ አልነበረም። በተመደብኩበት ቀበሌ ለሠርቶ ማሳያ የሚሆን ቦታ ስመርጥ ለጉብኝት የሚያምር፣ ከመንገድ የሚታይ፣ ገላጣ መሬት መረጥኩ። ገበሬዎቹን አስተባብሬ በገመድ እየለካን ቀጥ ባለ መስመር ተከልን። በክረምቱ ሁሉም አምሮ ነበር፤ ፎቶግራፍም ተነሣ።

በአቅራቢያው የሚኖሩ አንዲት እናት ሲያልፉ ቆም ብለው «ልጄ፣ ይህ ተክል እኮ ፀሐይ ያፍራል» አሉኝ። ሳቅሁ። ታኅሣሥ ላይ ቅጠሉ ከጫፉ እየነደደ ቢጫ ሆነ። የካቲት ላይ ከተከልነው ውስጥ በሕይወት የቀረው በአጥሩ ጥግ፣ የብሳናው ጥላ የሚደርስበት አንድ ረድፍ ብቻ ነበር። ጉልበታቸውን የሰጡኝን ገበሬዎች ዓይን ማየት አሳፍሮኝ ሰነበተ። ከእነርሱ ሁለቱ እስከ ዛሬ ኮረሪማ አልተከሉም፤ አልፈርድባቸውም። እኚያ እናት ጓሮ የገባሁት ከዚያ በኋላ ነው። ስለ ጥላ ከዚህ በታች የምጽፈው ከመጽሐፍ ካገኘሁት ይልቅ በእርሳቸውና በመሰሎቻቸው ጓሮ ያየሁት ይበዛል።

ጥላ ምን ያህል?

«ጥላ ይወዳል» ማለት ጨለማ ይወዳል ማለት አይደለም። ይህ ሁለተኛው ትልቅ ስሕተት ነው። ጥላው ከበዛ ተክሉ ይረዝማል፣ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ያምራል፣ ሰው ያይና ያደንቃል፤ ከሥሩ ስትፈልጉ ግን አበባው ጥቂት ነው። ጥላው ካነሰ ደግሞ ቅጠሉ ይገረጣል፣ ጫፉ ይደርቃል፣ በበጋ አፈሩ ቶሎ ስለሚደርቅ አዲስ ዘንግ ማውጣት ያቆማል።

መካከለኛውን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን፣ ልክ እኩለ ቀን ላይ፣ ነጭ ነጠላ መሬት ላይ ዘርጉ። ነጠላው ላይ የሚያርፈው ጥላና የፀሐይ ነጠብጣብ ግማሽ ለግማሽ ገደማ ከሆነ ቦታው ለኮረሪማ ጥሩ ነው። ፀሐዩ ነጠላውን ከሞላው ጥላ ጨምሩ። ነጠላው ሙሉ በሙሉ ጥላ ከሆነ ቅርንጫፍ መቀነስ ይኖርባችኋል። ይህን በክረምትና በበጋ ሁለት ጊዜ አድርጉት። ዋንዛ በበጋ ቅጠሉን ስለሚያራግፍ በሐምሌ ጥሩ ጥላ የነበረው ቦታ በጥር ገላጣ ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ። ኮረሪማው ደግሞ ጥላውን አጥብቆ የሚፈልገው በጥር ነው።

በዚህ ምክንያት አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ ከመያዝ ማሰባጠር ይሻላል። ሰሳና ብርብራ ለዚህ ሥራ ምስጉን ናቸው። ቅጠላቸው ደቃቅ በመሆኑ ብርሃኑን አጥልለው ያወርዱታል፤ የጥራጥሬ ወገን በመሆናቸውም አፈሩን ያዳብራሉ። ዋንዛ ሰፊ ቅጠሉን ሲያራግፍ ለአፈሩ ጥሩ ጉዝጓዝ ይሆናል፤ እንጨቱም ለልጆቻችሁ ሀብት ነው። ብሳናም ያገለግላል። ባሕር ዛፍን ግን ለጥላ አታስቡት፤ ከኮረሪማው ጋር በአንድ ውኃ ይሻማሉ፣ የሚያሸንፈው ደግሞ የታወቀ ነው። ጥላ በጎደለበት ጥግ ዛፉ እስኪደርስ ድረስ እንሰት ወይም ሙዝ ለጊዜው ሊያገለግል ይችላል።

ጥላ ስትቀንሱ ከሥር ከሥር ያሉትን ቅርንጫፎች አንሡ፤ አናቱን አትቁረጡ። ሥራውን ዝናብ ሲጀምር አድርጉት። በበጋ የተገረዘ ዛፍ ለኮረሪማው ድንገተኛ ፀሐይ ነው። ትልልቅ ቅርንጫፍ በገመድ ታስሮ ቀስ ብሎ ይውረድ፤ ከላይ የተለቀቀ ቅርንጫፍ የሁለት ዓመት ድካም በአንድ ጊዜ ይደፈጥጣል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ጊዜ ስለማይነገር ነው። ጓሮ ስናጸዳ ከትላልቁ ዛፍ ሥር የበቀለውን ቡቃያ ሁሉ እንመነጥራለን። ትልቁ ዛፍ ግን ዘላለም አይኖርም። ዛሬ በጥላው የምትጠቀሙበት ሰሳ ከሃያ ወይም ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሲወድቅ ተተኪ ከሌለው ቡናውም ኮረሪማውም አብረው ይጋለጣሉ። ስለዚህ በየጥቂት እርምጃው አንድ የሰሳ፣ የብርብራ ወይም የዋንዛ ቡቃያ መርጣችሁ እንጨት ተክላችሁ ምልክት አድርጉበት፤ አራሚው ልጅ አውቆ እንዲያልፈው።

ቦታ መምረጥ

አፈሩ ጥቁር ወይም ቀይ ቡናማ፣ በብስባሽ የበለጸገ፣ ውኃ የማይተኛበት ይሁን። ኮረሪማ እርጥበት ይወዳል እንጂ ረግረግ አይወድም። ራይዞሙ ውኃ ከተኛበት ይበሰብሳል። ወንዝ ዳር ያለ ተዳፋት ጥሩ ነው፤ ወንዙ ሲሞላ የሚያጥለቀልቀው ሜዳ ግን አይሆንም።

ከቡና ጋር ስለማሰባጠር በየሥልጠናው ጥያቄ ይነሣል። ይቻላል፤ በብዙ ጓሮም አለ። የእኔ ምክር ግን ኮረሪማውን ቡናው መካከል ሳይሆን ለቡና ጥላ በበዛበት ጥግ፣ በዳርና በአጥር ሥር አድርጉት የሚል ነው። መካከል ከገባ ራይዞሙ ይስፋፋል፣ ቡና ለቃሚውም እየረገጠ ያልፋል። የግድ መካከል ይግባ ካላችሁ ከቡናው እግር ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ይራቅ።

ዝንጅብል በአጠውልግ በሽታ የጠፋበትን ማሳም ተጠንቀቁ። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ይህ የባክቴሪያ በሽታ የዝንጅብል አምራቹን ምን እንዳደረገው ከእናንተ የሚረሳ የለም። ኮረሪማ የዚያው ቤተሰብ ተክል ነው። ሌላ ቦታ እያለ በታመመ አፈር ላይ ዕድል መሞከር አያስፈልግም። ከዚያ ማሳ የመጣ ዶማም ታጥቦ ይግባ።

የመትከያ ቁሳቁስ፦ ዘር ወይስ ራይዞም?

ሁለቱም ይሆናሉ። ከራይዞም የተተከለ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ፍሬ መስጠት ይጀምራል፤ ከዘር የመጣው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ሊፈጅ ይችላል። በራይዞም የምታባዙት ከእናቱ ጋር አንድ ዓይነት ነው። በዘር ግን በአነስተኛ ወጪ ብዙ ችግኝ ታገኛላችሁ። ለጓሮ ሥራ እኔ ራይዞም እመርጣለሁ።

በራይዞም ስትሄዱ ዋናው ቁም ነገር የእናት ተክል ምርጫ ነው። በመትከያ ወቅት ሁሉም እግር አረንጓዴ ስለሆነ የትኛው ፍሬያማ እንደነበር ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ምርጫው የሚሠራው ፍሬ በሚለቀምበት ጊዜ ነው። ብዙና ትልልቅ ፍሬ ያፈራውን እግር በቀይ ጨርቅ እሰሩበት። መትከያው ሲደርስ የምትቆፍሩት ጨርቅ ካለበት ብቻ ይሆናል። ከጎረቤት ስትወስዱም ይህንኑ ጠይቁ። ከተፈጥሮ ደን ነቅሎ ማምጣት ግን ደኑን ያራቁታል፤ በአሳታፊ የደን አስተዳደር በታቀፉ ቀበሌዎች ደግሞ የማኅበሩን ደንብ ማፍረስ ነው። የካፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010፣ የሸካ ደን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የተመዘገቡት በውስጣቸው እንዲህ ያለ ሀብት ስላለ ጭምር ነው።

ከተመረጠው እግር ዳር በኩል ሁለት ወይም ሦስት ዘንግ የያዘ፣ ቢያንስ አንዱ ወጣት የሆነ ቁራጭ ከነሥሩ በስለታም ዶማ ቁረጡ። እናቱን መሐል ለመሐል አትሰንጥቁ። የቅጠሉን ዘንግ ከ30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ቁረጡት፤ ሥሩ ገና ሳይዝ በቅጠሉ ውኃ እንዳያባክን ነው። በዚያው ቀን መትከል ይመረጣል። ካልተቻለ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላችሁ ጥላ ሥር አሳድሩት።

በዘር ለመሄድ የፈለገ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ቀይ ከሆነ ፍሬ ዘሩን አውጥቶ፣ የሚያጣብቀውን ሥጋ በአመድና በውኃ አሽቶ አጥቦ፣ ጥላ ላይ አጠንፍፎ ሳይውል ሳያድር ይዝራ። ከገበያ የተገዛ፣ በጭስ የደረቀ ኮረሪማ ለወጥ እንጂ ለዘር አይሆንም። መደቡ ስፋቱ አንድ ሜትር፣ አፈሩ የላመና ኮምፖስት የተቀላቀለበት ይሁን። ዘሩ አንድ ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ብቻ ይግባ። ሣር ተጎዝጉዞበት ከላዩ ዳስ ይሠራለት። ቡቃያው ከአንድ ወር በላይ ሊዘገይ ስለሚችል «አልበቀለም» ብላችሁ መደቡን አትገልብጡት። ችግኙ አንድ ስንዝር ገደማ ሲሆን ወደ ማሳ ይወጣል።

አተካከል

ዝናቡ ተደላድሎ አፈሩ በደንብ ሲርስ፣ በአብዛኛው አካባቢያችን ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሰኔ፣ ትከሉ። በእግርና በእግር መካከል 2 ሜትር፣ በመስመር መካከልም 2 ሜትር ይሁን። ባዶ ስለሚመስል ብዙዎች ያጠጋጉታል። ራይዞሙ እንደሚስፋፋ አትርሱ። በዚህ ርቀት 20 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ የጓሮ ጥግ 50 እግር ይይዛል። ለመጀመሪያ ዓመት 50 እግር በቂ ነው። አምስት መቶ ተክሎ ሁለት መቶውን ከማስበላት ሃምሳውን በዓይን እያዩ ማሳደግ ይሻላል። የጥላ ዛፍ ሥር ካገኛችሁ ዛፉን አቁስላችሁ መስመር አትጠብቁ፤ ጉድጓዱን ወደ ጎን አዙሩት።

ጉድጓዱ በሁሉም በኩል 40 ሴንቲ ሜትር ይሁን። የላዩን አፈር ለብቻ አድርጋችሁ ከበሰለ ኮምፖስት ጋር ቀላቅላችሁ መልሱት። ራይዞሙን በጥልቀት አትቅበሩት። ከአምስት እስከ ስምንት ሴንቲ ሜትር አፈር ይበቃዋል። በተፈጥሮው ከላይ የሚሳብ ነገር ከታች ሲቀበር ወደ ላይ ለመውጣት ጉልበቱን ይጨርሳል። ዙሪያውን በደረቅ ቅጠል ጎዝጉዙ።

ኩትኳቶና አረም

እዚህ ላይ ወደ አበባው ልመልሳችሁ። አበባው ከመሬት ጋር የተጠጋ፣ ራይዞሙም ከላይ ከላይ የሚሄድ ነው ብለናል። ስለዚህ ከእግሩ ግማሽ ሜትር ክልል ውስጥ ዶማም መኮትኮቻም አይግባ። አረሙ በእጅ ይነቀል፤ ከዚያ ውጭ ያለው በማጭድ ይታጨድ። የታጨደው እዚያው ጉዝጓዝ ይሁን። ጉዝጓዙ በበጋ እርጥበት ይይዛል፣ አረም ያፍናል፣ ሲበሰብስ ማዳበሪያ ይሆናል። አበባ በሚወጣበት ወቅት ግን ከእግሩ ሥር ጉዝጓዙን ሳሳ አድርጉት።

ፍሬ ሰጥቶ ያረጀና የደረቀ ዘንግ ከሥሩ በማጭድ ተቆርጦ ይውጣ። ይህን በየዓመቱ ያደረገ ገበሬ ለአዲሱ ዘንግ ቦታና ብርሃን ይሰጣል፤ ፍሬ ሲለቅምም ሥሩን በግልጽ ያያል። እግሩ በጣም ሲጠቀጠቅ ዳር ዳሩን ቆርጣችሁ ለአዲስ ተከላ ተጠቀሙበት። አበባ ባለበት ወቅት ፀረ ተባይ አትርጩ። አበባውን የሚጎበኙት ነፍሳት ከሌሉ ፍሬ አይያዝም፤ ቀፎ ያላችሁም ንባችሁን አትርፋችሁ ማለት ነው።

ጦጣ፣ ዝንጀሮ፣ ጃርትና አሳማ ፍሬውን ይወዳሉ። ለዚህ ከጥበቃ በቀር የተለየ መድኃኒት አላመጣሁላችሁም። ከቤት በቅርብ የተተከለ ኮረሪማ በደን ዳር ከተተከለው ያነሰ ይበላል፤ ጓሮውን ያስመረጠንም አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ለቀማ፦ ገንዘቡ የሚጠፋበት ቦታ

እስካሁን ያልነውን ሁሉ በትክክል ሠርቶ በለቀማ ሁሉን የሚያጣ ገበሬ ብዙ ነው። የበሰለ ኮረሪማ ፍሬ ደማቅ ቀይ ነው። ውስጡ ሲከፈት ዘሩ ቡናማና የሚያበራ፣ ሲያኝኩት አፍ የሚያሞቅ ነው። አረንጓዴ ወይም ገና መቅላት የጀመረ ፍሬ ሲከፈት ዘሩ ነጣ ያለና ለስላሳ ነው። ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ይቀላል፣ መዓዛው ደካማ ይሆናል። ነጋዴው በእጁ ሲመዝነው ያውቀዋል።

ይህን የማያውቅ ገበሬ የለም። ታዲያ ለምን አረንጓዴውን እንለቅማለን? መልሱን እናንተው በየስብሰባው ነግራችሁኛል፤ «እኔ ካልለቀምኩት ሌባ ይለቅመዋል።» ሌባውም ፍሬው እስኪቀላ አይጠብቅም፤ ባለቤቱ እንዳይቀድመው ይሽቀዳደማል። ባለቤቱ ሌባውን ለመቅደም በአሥር ቀን ይፈጥናል፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌባው በሃያ ቀን ይፈጥናል። በመጨረሻ ገበያው ላይ የሚወጣው ግማሽ ጥሬ ፍሬ ነው፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይወርዳል። በዚህ ውስጥ የሚጎዳው አረንጓዴ የለቀመው ብቻ አይደለም። ነጋዴው የአካባቢውን ኮረሪማ ሁሉ በአንድ ዓይን ስለሚያይ ቀይ ጠብቆ የለቀመውም ዋጋ አብሮ ይወርዳል።

ይህን አንድ ገበሬ ብቻውን አይፈታውም። ከምከታተላቸው ቀበሌዎች በአንዱ ገበሬዎቹ በእድራቸው ተሰብስበው የለቀማ መጀመሪያ ቀን ወሰኑ። ከዚያ ቀን በፊት ኮረሪማ ይዞ ገበያ የታየ ሰው፣ የራሱም ጓሮ ቢሆን፣ ከየት እንዳመጣው ይጠየቃል። ቅጣቱን ቀላል አድርገው ጀመሩ፤ የጠነከረው መጠያየቁ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ደንቡን ከሚያፈርሱት አንዱ የእድሩ ዳኛ ልጅ ሆኖ ተገኘ። ዳኛው የልጃቸውን ቅጣት በሰው ፊት ከፈሉ። ከዚያ በኋላ ደንቡ ተከበረ። ስርቆት ፈጽሞ ጠፋ አልልም፤ ቀይ ፍሬ ግን ገበያ ላይ መታየት ጀመረ። ሞዴል አርሶ አደር ስትባሉ ከእናንተ የሚጠበቀው ጥሩ ማሳ ማሳየት ብቻ አይደለም። ይህን ዓይነት ስምምነት በእድራችሁ የምታነሡት እናንተ ናችሁ።

በምትለቅሙበት ጊዜ የበሰለውን ብቻ እየመረጣችሁ በየሳምንቱ ወይም በየአሥር ቀኑ ተመላለሱ። ፍሬውን አትጎትቱ፤ ከራይዞሙ ጋር ይመጣል፣ አጠገቡ ያለውንም አበባ ይዞ ይወጣል። አገዳውን በትንሽ ቢላ ቁረጡት። ልጆች እንዲለቅሙ ከላካችሁ መጀመሪያ አንድ ቀን አብራችኋቸው ውሉ።

ማድረቅና ማስቀመጥ

የተለቀመው ፍሬ በጆንያ ታፍኖ አይደር፤ ይሻግታል። በዚያው ቀን ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ፣ ለቡና በምትጠቀሙበት ዓይነት፣ ሳይደራረብ ይሰጣ። በቀን ጥቂት ጊዜ ይገላበጥ። ማታና ዝናብ ሲመጣ ይሸፈን። መሬት ላይ የተሰጣ ኮረሪማ አፈርና የከብት እበት ሽታ ይይዛል። በእኛ አካባቢ ፍሬውን ጫፉ ላይ በሹል እንጨት በስቶ በገመድ እየሰኩ ከምድጃ በላይ ማንጠልጠል የቆየ ልማድ ነው። ዝናብ ለማያቋርጥበት አካባቢ ጥበብ ነበር። ይሁን እንጂ ጭሱ የኮረሪማውን መዓዛ ይሸፍነዋል። ለቤት የሚሆነውን እንደ ልማዳችሁ አድርጉ፤ ለገበያ የሚወጣውን ግን በፀሐይ አድርቁ። ዝናቡ ካስቸገረ ከአልጋው ላይ ነጭ ላስቲክ በቅስት ወጥራችሁ፣ ሁለቱን ጫፍ ለነፋስ ክፍት ትታችሁ ማድረቅ ይቻላል።

ፍሬው ደረቀ የሚባለው ጆሮ አጠገብ ሲነቀነቅ ዘሩ ሲንኳኳና ቅርፊቱ ሲጫኑት የማይለሰልስ ሲሆን ነው። የተሰነጠቀውንና የተቀደደውን ለብቻ አድርጉት። መዓዛው ያለው በዘሩ ዘይት ውስጥ ነው፤ ቅርፊቱ ከተከፈተ ዘይቱ ይተናል። ንጹሕ ጆንያ ውስጥ አድርጋችሁ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ አራቁት። ከማዳበሪያ፣ ከጋዝና ከቆዳ ጋር በአንድ ክፍል አታኑሩት። የሌላውን ሽታ ቶሎ ይይዛል።

ስለ ገቢው

ኮረሪማ ከጫት ጋር በወር ገንዘብ አይወዳደርም፤ ይወዳደራል ብዬ ብነግራችሁ በሁለተኛው ዓመት ውሸቴ ይገለጣል። ጫት በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል። ኮረሪማ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ምንም አይሰጣችሁም። ሒሳቡ ግን ሌላ ነው። ለጫት ዛፉን ትቆርጣላችሁ፤ ከዛፉ ጋር የቡናው ጥላ፣ የንቡ አበባና የአፈሩ ብስባሽ አብሮ ይሄዳል። ለኮረሪማ ምንም አትቆርጡም። ቡናው እዚያው አለ፣ ቀፎው እዚያው አለ፣ ኮረሪማው የሚጨመር ነው። በደንብ የተያዘ እግር ደግሞ ለብዙ ዓመታት ያፈራል።

የራሳችሁን ቁጥር በራሳችሁ አውጡ። በመጀመሪያው ለቀማ እርጥቡን መዝኑ፤ ሲደርቅ መልሳችሁ መዝኑ። ቀዩንና አረንጓዴውን ለየብቻ አድርጉት። ኪሎውንና የሸጣችሁበትን ዋጋ ከቀኑ ጋር በደብተር ጻፉ። በአካባቢያችን ቴፒ ላይ በቅመማ ቅመም ላይ የሚሠራ የምርምር ማዕከል አለ። ባለሙያዎቹን ለማነጋገር ዕድል ስታገኙ ደብተራችሁን ይዛችሁ ቅረቡ፤ ቁጥር ያለው ጥያቄ ፈጣን መልስ ያገኛል።

እስከሚቀጥለው ሥልጠና የሚሠራ

እያንዳንዳችሁ በጓሯችሁ ሦስት ቦታ መርጣችሁ እኩለ ቀን ላይ ነጠላ ዘርጉ፤ ያያችሁትን ጻፉ። ኮረሪማ ያላችሁ አንድ እግር መርጣችሁ ጎንበስ በሉና አበባና ፍሬውን ቁጠሩ፤ ከዚያ ጥላው ከበዛበት ሌላ እግር ጋር አወዳድሩ። ከሁለት ዛፍ ሥር ተተኪ ቡቃያ ምልክት አድርጉ። በ1 ለ 5 ቡድናችሁ ስለ ለቀማ ቀን ተነጋገሩና ማን እንደተስማማ፣ ማን እንዳልተስማማና ለምን እንደሆነ ይዛችሁ ኑ። ወደ ማሰልጠኛ ማዕከሉ ስትመጡ አንድ ሙሉ ቀይ፣ አንድ አረንጓዴና አንድ በምድጃ ላይ የደረቀ ፍሬ ይዛችሁ ኑ። ጠረጴዛ ላይ አድርገን እንከፍታቸዋለን፣ እናሸታቸዋለን፣ እንመዝናቸዋለን።